ባሕር የሚያርፍበት ማክሰኞ

ሰው በማየቱ ብቻ በደለኛ ሊሆን ይችላልን? የሌላውን ንብረት ሳይነካ፣ ክፉ ቃል ከአፉ ሳይወጣ፣ ቆሞ ስላየ ብቻ የሚጠየቅበት ነገር ይኖራልን? ይህ ጥያቄ ከፍልስፍና መጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። የገጠመኝ በአንድ የማክሰኞ ቀን፣ በጋና የባሕር ዳርቻ፣ ዓሣ በሚጨስበት የጭቃ ምድጃ አጠገብ ነው። መልሱን ደርሼበታለሁ ብዬ አልመጻደቅም። ጥያቄው ግን እስካሁን አልለቀቀኝምና፣ ውድ አንባቢ፣ አብረን ብናገላብጠው አይከፋም።

በዚያን ጊዜ ከአክራ ከተማ አጠገብ ሌጎን በሚገኘው የጋና ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር በመኝታ ቤታችን አዳራሽ ትንሽ የፎቶግራፍ ትርኢት ልናዘጋጅ አስበን ኖሮ ለእኔ የደረሰኝ ርእስ «የባሕር ሰዎች» የሚል ሆነ። ትምህርት የሌለኝ ቀን ማክሰኞ ብቻ ነው። የፋንቴ ተወላጅ የሆነው የክፍል ጓደኛዬ ቀኑን ስነግረው «ማክሰኞ?» ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ «ይሁን፣ እንሂድ፤ እኔም ዎፋዬን ካየሁ ቆይቻለሁ» አለኝ። ዎፋ ማለት የእናት ወንድም ነው። ፋንቴዎች ዘር የሚቆጥሩት በእናት በኩል ስለሆነ፣ የዎፋ ቃል ከአባት ቃል ባላነሰ ይሰማል።

ማለዳ ከካኔሺ መናኸሪያ በትሮትሮ ተሳፈርን። ትሮትሮ ያው እንደ እኛ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ መድረሻውን እየደጋገመ ይጣራል፣ ሰው ካልሞላም አይንቀሳቀስም። ወደ ኬፕ ኮስት በሚወስደው አውራ ጎዳና ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ከተጓዝን በኋላ መገንጠያው ላይ ወረድንና በሌላ ታክሲ ወደ አፓም አቀናን። አፓም በኮረብታ ሥር፣ በባሕር ዳር የተቀመጠች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ከኮረብታው አናት ላይ ሆላንዶች የሠሩት ምሽግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1697 የጀመሩት ሲሆን፣ የአካባቢው ሹማምንት ሥራውን እያጓተቱ ስላስቸገሯቸው ስሙን «ትዕግሥት» አሉት ይባላል። ወርቅና ሰው ሊሸምት የመጣ ነጋዴ ስለ ትዕግሥት ሲያወራ ያስገርማል።

ከምሽጉ ላይ ሆኜ ቁልቁል ስመለከት ታንኳዎቹ አሸዋው ላይ ተሰልፈዋል። ከአንድ ትልቅ ግንድ ተፈልፍለው በጎናቸው ሳንቃ የተጨመረባቸው፣ በቀይና በቢጫ በሰማያዊም ቀለም ያጌጡ፣ ተረትና የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል የተጻፈባቸው ረጃጅም ታንኳዎች ናቸው። ባሕሩ ላይ ግን አንድም አይታይም። «ዛሬ ለምን አልወጡም?» ብዬ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «ማክሰኞ ነዋ» አለኝ። የሚቀልድብኝ መሰለኝ።

ከአፓም ተነሥተን በአሸዋው ላይ በእግር ወደ ዎፋው መንደር ሄድን። የመንደሩን ስም አልጽፈውም፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ መጨረሻው ይረዳልኛል። ገና ከመድረሳችን ሕፃናት «ኦብሮኒ! ኦብሮኒ!» እያሉ ከበቡኝ። ኦብሮኒ እኛ ፈረንጅ እንደምንለው ያለ ቃል ነው። ቆዳዬ ከእነሱ ብዙም አይለይም፤ ፈረንጅ ያደረገኝ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ካሜራ መሆን አለበት። ሳቅኩ። ነገሩ የሚያሳስብ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

ጓደኛዬ ሰላምታ ለመስጠት ቀድሞኝ ገባ። እኔ ከኋላ ቀርቼ በአንድ ግቢ በኩል ሳልፍ፣ አንዲት ሴት በትናንቱ ዓሣ ፊት ቁጢጥ ብላ አየሁ። ከፊቷ ያለው ቾርኮር የሚባለው ምድጃ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከተሠራበት ከአክራ የዓሣ አጥማጆች ሠፈር ሲሆን፣ ከታች አራት ማዕዘን የጭቃ ግድግዳ፣ ከላይ አንዱ ባንዱ ላይ የሚደራረብ የሽቦ ወንፊት ያለው የእንጨት ትሪ ነው። ሴትዮዋ ትሪውን ስታነሣ ጭሱ ፊቷን ሸፈናት። ሲገልጥላት ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል፤ አንድ እጇ ግንባሯ ላይ ነው፤ ከኋላዋ ባዶ ባሕር ይታያል። ካሜራዬን አንሥቼ ተጫንኩት። ቀና ብላ አየችኝና አንድ ነገር አለች። ቋንቋውን ስለማላውቅ ፈገግ ብዬ አለፍኩ። በሕይወቴ ካነሣኋቸው ፎቶግራፎች ሁሉ የሚበልጠው ያ መሆኑን እዚያው አውቄያለሁ።

ከኮኮናት ዛፎች ጥላ ሥር ወንዶቹ መረብ ይጠግናሉ። ወንበር ሰጡን፤ ውሃ አመጡልን። በአካኖች ዘንድ እንግዳ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ የመጣበትን ጉዳይ ይጠየቃል። ዎፋው ውሃዬን እስክጨርስ ጠበቁኝና በልጃቸው አስተርጓሚነት ጠየቁኝ።

«ከሩቅ አገር መጥተሃል። ደግ አደረግህ። ምን አመጣህ?»

«ለማየት ነው የመጣሁት፣ አባቴ» አልኩ።

«ምንን?»

«ሥራችሁን፣ አኗኗራችሁን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የእኔን መልስ የሚያኖሩበት ቦታ ያጡ መሰሉ። እንግዳ ዘመድ ሊጠይቅ፣ ዕዳ ሊከፍል፣ ሊገበያይ፣ ሊያስታርቅ ይመጣል። ለማየት ብቻ የሚመጣ ምን ዓይነት ሰው ነው? ዓይናቸውን ስመለከት ውሸታም የሆንኩ ያህል ተሰማኝ፤ ውሸት ግን አልተናገርኩም። ነገሩን ለማለሳለስ ብዬ ይሁን ከልማድ፣ ካሜራዬን ወደ መረቡ አቀናሁ። ዎፋው መዳፋቸውን ዘርግተው ከለከሉኝ። አልተቆጡም፤ መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ ነው እጃቸውን ያነሡት። «ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» አሉ።

ምናልባት «ሥራችንን ማየት ከፈለግህ ነገ ና» ማለታቸው ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የሰማሁት ሌላ ነው፦ «ዛሬ መውሰድ የለም» ያሉኝ መሰለኝ።

በፋንቴና በጋ ሕዝቦች የባሕር ዳርቻ ማክሰኞ ዓሣ ሊያጠምዱ ወደ ባሕር መውጣት ነውር ነው። ባሕሩ ቦሶምፖ የተባለ መንፈስ አለው፤ ማክሰኞ የእሱ ቀን ነው ይላሉ። ሕጉን የሚያስከብረው አፖፎሄኔ የሚሉት የዓሣ አጥማጆች አለቃ ሲሆን፣ የተላለፈ ይቀጣል። ዛሬ አብዛኛው ሰው ክርስቲያን ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ማክሰኞንም አይሽርም። በዚያን ቀን መረብ ይጠገናል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የመንደር ጉዳይ ይመከርበታል።

ይህን ስሰማ አያቴን አስታወስኩ። ወር በገባ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ዕለት በእኛ ገጠር ሞፈር አይነካም፤ በዓል በሻረ ሰው ምክንያት የአገሩን ሰብል በረዶ ይመታዋል ይባላል። የተማርን ነን የምንለው ስንት ጊዜ በዚህ ላይ ተሳልቀናል! የበዓላቱን ቁጥር ከዓመቱ ቀናት ቀንሰን «ገበሬው ያጣው በእነዚህ ነው» ብለን ስሌት ሠርተናል። ስሌቱ ስሕተት አለበት አልልም። ነገር ግን በዓሉ ከሥራ ማረፍ ብቻ ነውን? «ይህ ሁሉ በእጄ ነው፣ የፈለግሁትን በፈለግሁበት ጊዜ እወስዳለሁ» የሚለውን የሰው ልብ በየጊዜው ገታ የሚያደርግ ልጓምም አይደለምን? መሬቱ፣ በሬው፣ ባሕሩ የራሳቸው ቀን አላቸው ማለት፣ እኛ ባንፈልጋቸውም ይኖራሉ ብሎ ማመን ነው።

ለዎፋው አንድ ጥያቄ አቀረብኩ። «እርስዎ ሲያርፉ ባሕሩ በእርግጥ ያርፋል?» አልኳቸው። በአገጫቸው ወደ አድማሱ አመለከቱ። «እነዚያ ማክሰኞ የላቸውም» አሉ።

የሚሉት ስለ ትልልቆቹ የብረት መርከቦች ነው። ብዙዎቹ የጋናን ባንዲራ ያውለበልባሉ እንጂ የሚያንቀሳቅሷቸው የቻይና ባለሀብቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የዓሣ ሀብት ሕግ ለዳርቻው የቀረበውን ባሕር ለታንኳዎች ከልሎት ነበር። መርከቦቹ ግን ሌሊት ሌሊት ከክልሉ ገብተው በመጎተቻ መረባቸው የባሕሩን ወለል ይጠርጋሉ እየተባለ ሲከሰሱ ኖረዋል። ሳይኮ በሚባለው ሕገ ወጥ ንግድ ደግሞ የታንኳው ሰው ሊያጠምደው የሚገባውን ትናንሽ ዓሣ እነሱ አጥምደው፣ በበረዶ አድርቀው፣ መልሰው ለዚያው ለዳርቻው ሰው ይሸጡለታል። ድኻው የሚበላውና ሴቶቹ የሚያጨሱት ሰርዲኔላ የተባለው ዓሣ ከዓመት ዓመት እየመነመነ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ታንኳዎችም ጭምር ለአንድ ወር ያህል ከባሕር እንዲከለከሉ አደረገ። ከጥንት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ባሕሩን ሲያሳርፉ ለኖሩ ሰዎች ስለ ማረፍ ትምህርት መስጠት መራራ ቀልድ ሳይሆንባቸው አልቀረም።

«ታዲያ እነሱ ካላረፉ እናንተ ማረፋችሁ ምን ይጠቅማል?» አልኩ። ይህ የእኔ ብቻ ጥያቄ አይመስለኝም። ሁላችንም ከሥነ ምግባር ለማምለጥ ስንፈልግ የምንሸሸግበት ጥያቄ ነው። ሁሉ ጉቦ ሲበላ እኔ ብቻዬን ባልበላ ምን ይለወጣል? እኔ ብተወው ሌላው ይወስደው የለም? ዎፋው የመረብ መርፌያቸውን አንድ ሁለት ጊዜ አመላልሰው እንዲህ አሉ፦

«ማክሰኞን ከተውን ከእነሱ በምን እንለያለን? በታንኳችን ማነስ ብቻ።»

በዚህ መልስ ላይ ብዙ አስቤአለሁ። ማክሰኞ ባሕሩን ያድነዋል አላሉኝም፤ ያድናል ብለውም የሚያምኑ አልመሰለኝም። ያሉኝ ይህን ነው፦ የበደለኛና የተበዳይ ልዩነት የጉልበት ልዩነት ብቻ ከሆነ፣ ተበዳዩ ጉልበት ያላገኘ በደለኛ ነው ማለት ነው። ራስን መግታት ሌላውን ባይገታም፣ «ተበድያለሁ» ብሎ ለመናገር መቆሚያ መሬት ይሰጣል።

ወደ ሌጎን ስንመለስ መሸ። በትሮትሮው ውስጥ ካሜራዬን ከፍቼ የሴትዮዋን ፎቶግራፍ ደጋግሜ አየሁት። በእውነት ያማረ ነበር። ያ የተራቆተ ሰማይ፣ ያ እንባ፣ ያ ግንባር ላይ ያለ እጅ! ማንም ተመልካች ሳያለቅስ አያልፈውም። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝና መሣሪያውን ዘጋሁት።

ሌጎን በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሌላ አገር ተማሪ፣ ክፋት የሌለው ልጅ፣ ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰማ «ያን ፎቶ አይቼዋለሁ» ብሎኝ ነበር። የቱን ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸውንና ማይክል በርክ በቢቢሲ ያሰማውን የረኃብ ምስል፣ ከዚያም ወዲህ የተከተሉትን ማለቱ ነው። ያ ምስል ከእኔ ቀድሞ በየአገሩ ይደርሳል። እኔ በደረስኩበት ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ሰው ስሜን ሳይጠይቅ አጥንቴን ሲቆጥር ይሰማኛል። ብዙ የአገሬ ልጆች ይህን ስሜት ያውቁታል። ታዲያ እኔ፣ ይህን የማውቀው እኔ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ያደረግሁት ምንድን ነው?

ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ተከራከርኩ። ያ የኮረም ምስል ባይታይ ዓለም ባልተንቀሳቀሰ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በለንደንና በፊላደልፊያ ያ ሁሉ ሕዝብ ባልተሰበሰበ፤ እህሉም ባልመጣ ነበር። ስለዚህ ማየት ኃጢአት ነው ቢባል፣ አለማየት ከዚያ የከፋ ኃጢአት መሆኑ አይቀርም። ወንድሙ ሲሞት ፊቱን ያዞረ ሰው «ክብሩን ልጠብቅለት ብዬ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ይህ ክርክር እውነት ነው። ችግሩ እኔን አይመለከትም። በዚያ መንደር የሚሞት ሰው አልነበረም። እኔን ያስቸኮለኝ የሴትዮዋ ችግር አልነበረም፤ የትርኢታችን ቀን መቃረቡ ነው።

ቋንቋችን በዚህ ነገር ረቂቅ ነው። ፈረንጆች ፎቶግራፍን «መውሰድ» ይሉታል። እኛ «ማንሣት» እንላለን። ማንሣት ሁለት መንገድ አለው። የወደቀን ሰው እናነሣለን፤ ያ ክብር ነው። ባለቤቱ ዘወር ያለበትን ዕቃም እናነሣለን፤ ያ ሌላ ስም አለው። እኔ ሴትዮዋን ያነሣኋት በየትኛው መንገድ ነው? ይህን የሚመልሰው የእኔ ልብ ሊሆን አይችልም፤ «ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» ቢባልም የራሱን ዓይን የሚዳኝ ልብ አድልዎ አያጣውም። መመለስ የምትችለው ተነሺዋ ናት። እንግዲህ አንድ ቀላል መመዘኛ አገኘሁ፦ ይህን ምስል አምጥቼ በእጇ ላኖርላት፣ ፊቷንም እያየሁ ልቆም እችላለሁን? የማልችል ከሆነ ሰርቄአለሁ።

ከአንድ ወር በኋላ ፎቶውን አሳጥቤ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ተመልሼ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ይቅርታ የምጠይቅበትን ንግግር መንገድ ለመንገድ ሳዘጋጅ ነበር። ሴትዮዋ ፎቶውን ተቀበለች፤ አራቀችው፤ አቀረበችው፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች። ጎረቤቶቿን ጠራች። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሳቁም አብሮ ዞረ።

ጓደኛዬ እየሳቀ ተረጎመልኝ። «ማን ሞተብኝ ብሎ ነው እንዲህ ያነሣኝ? ጭስ እኮ ነው!» ትላለች።

ከዚያም የሰማሁት የባሰ አሳፈረኝ። ያቺ የሐዘን ምሳሌ ያደረግኋት ሴት ከመንደሩ ዋና ዋና የዓሣ ነጋዴዎች አንዷ ናት። በጋና ዳርቻ ዓሣ ማጥመድ የወንድ፣ መሸጥ የሴት ነው። ብዙ ጊዜ ለነዳጅና ለመረብ ገንዘብ የምታበድረው ነጋዴዋ ስትሆን፣ ታንኳው ሲመለስ ዓሣውን የምትረከበውም እሷ ናት። የዎፋው ታንኳ የሚንቀሳቀሰው በዚህች ሴት ብድር ኖሯል። እኔ በሰከንድ ክፋይ ውስጥ አበዳሪዋን ለማኝ አድርጌ አነሣኋት። አካኖች «እንግዳ ትልልቅ ዓይን አለው፤ ከተማውን ግን አያይበትም» የሚሉት ተረት ለእኔ የተተረተ ነው የሚመስለው።

«ቆይ» አለችኝና ወደ ቤቷ ገባች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትወጣ ካባ የሚሉትን የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሽዋን ከፍ አድርጋ አስራ፣ የአንገት ጌጧን አጥልቃ ነበር። ወንበር አስመጣች፤ ባሕሩን ሳይሆን አዲስ ቀለም የተቀባውን የቤቷን በር ከኋላዋ አደረገች። እጆቿን ጭኖቿ ላይ አኑራ፣ ሳትስቅ፣ ቀጥ ብላ ወደ ካሜራው ተመለከተች። በልጅነታችን በፎቶ ቤት እንዲያ አልነበር የምንነሣው? እሷ ባለችኝ ቦታ ቆምኩ፤ እሷ ባለችኝ ጊዜ ተጫንኩ። የመጀመሪያውን ፎቶ ግን መለሰችልኝና «ይህን ለማንም እንዳታሳይ» አለችኝ።

በትርኢቱ ላይ የሰቀልኩት ሁለተኛውን ነው። ማንም አልቆመበትም። አንድ ጓደኛችን «ይህ እኮ የቤተሰብ አልበም ፎቶ ነው፤ የባሕር ሰውነቷ የቱ ላይ ነው?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ከወር በፊት እኔም ይህንኑ ባልኩ ነበር። እሷ ራሷን የምታይበት መልክ፣ እኛ እሷን ለማየት ከመጣንበት መልክ ጋር አልገጠመም፤ ስለዚህም ለእኛ «ምንም የማይታይበት» ሆነ። ሰው በክብሩ ሲቀመጥ ፎቶግራፉ የማያምርልን ከሆነ ጉድለቱ ከማን ነው?

የመጀመሪያው ፎቶ ዛሬም ከመሳቢያዬ ውስጥ ነው። ለማንም አላሳየሁም። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ግን አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ጭሱን፣ እንባውን፣ ግንባሯ ላይ ያለውን እጅ ከላይ በቃላት ዘርዝሬ ነገርኳችሁ። ታዲያ አሳየኋት ማለት አይደለምን? የመንደሩን ስም ያልጻፍኩት፣ የእሷንም ስም ያስቀረሁት ለዚህ ነው፤ ይበቃ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ቃሏን በሙሉ ጠብቄአለሁ ለማለትም አልደፍርም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ወዳለበት ካሜራ ይዤ ስሄድ በመጀመሪያው ቀን አልከፍተውም። ያን ቀን ማክሰኞዬ አደርገዋለሁ። ውሃ ከሰጡኝ እጠጣለሁ፤ «ምን አመጣህ?» ብለው እስኪጠይቁኝም እጠብቃለሁ። አንዳንዴ በሁለተኛው ቀንም ደኅና መልስ አላገኝለትም።